ስክሪቨነር ተስፋሚካኤል ይመር፦ ከደሴ ፍርድ ቤት ደጅ እስከ ትሩጋኒና

ጋሼ ተስፋሚካኤል ይመር በምን ሞቱ? ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ሰዓት ድረስ መልሱን አላውቅም። የአሟሟትን ምክንያት የሚያጣራው መሥሪያ ቤት ገና ውሳኔ አልሰጠም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል ብለውናል። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር።

ጋሼ ተስፋሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ይመር አሊጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ በላይ በ1947 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ኩታበር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው ደሴ ከተማ ቀጠሉ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በመሬት ወሰን ጠብ ከማሳቸው ጫፍ ላይ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ጋሼ ተስፋሚካኤል አጠገባቸው ነበሩ። ሬሳውን ቤት ያደረሱት እሳቸውና አንድ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክመው ነው። ትምህርታቸው በዚያ ተቋረጠ።

ደሴ ፍርድ ቤት ደጅ ዣንጥላ ዘርግተው፣ ጽሕፈት ለማያውቅ ሰው አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ። ጋሼ ተስፋሚካኤል ከአንዱ ዘንድ ገብተው ሙያውን ተማሩ። የእጅ ጽሕፈታቸው በጣም ያማረ ስለነበር ዳኞች ገና ከሩቅ "ይኼ የይመር ልጅ ነው" ይሉ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። እናቴ የጋሼ ተስፋሚካኤል ታናሽ እህት ናት። ሙስሊም አግብታ ዙሃራ ተብላለች፤ በቤታችን ግን ሁለቱም በዓል ይከበራል፣ ወሎ እንደሚያደርገው። እኔ ልጇ ነኢማ መሐመድኑር ነኝ።

በ1970 ዓ.ም. አንዲት እናት ወደ ጋሼ ተስፋሚካኤል መጡ። ልጃቸው ከቤቱ ተወስዶ ደብዛው ጠፍቷል፤ ሞቶ ከሆነ ሬሳውን እንዲሰጧቸው ማመልከት ፈልገዋል። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ጋሼ ተስፋሚካኤል ጻፉ። በማግስቱ ሦስት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ዣንጥላውን ገለበጡት። "በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?" አሏቸው። በአቤቱታው ባለቤት በሴትየዋ ፊት ቀኝ እጃቸውን በመጻፊያ ሰሌዳቸው ላይ አስዘርግተው በጠመንጃ ሰደፍ ቀጠቀጡት። ሦስቱ ጣቶች ከዚያ ወዲያ ቀጥ አላሉም። ሴትየዋ ሬሳውን አላገኙም።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ እስራት በኋላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ገዳሪፍ ላይ በግራ እጃቸው መጻፍ ተማሩ፤ ለስደተኞች ደብዳቤ እየጻፉ ይተዳደሩ ጀመር። ካርቱም ውስጥ ከወይዘሮ እታገኘሁ መኮንን ጋር በጋብቻ ተሳስረው ልጃቸውን ዳንኤልን፣ ሁላችንም ዳኒ የምንለውን፣ ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 በስደተኛ ቪዛ ሜልበርን ገቡና በካርልተን ሰፈር ከፍ ካሉት የመንግሥት የኪራይ ቤት ሕንፃዎች በአንዱ መኖር ጀመሩ።

ካርቱም ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ፣ ከገበያ በገዙት አሮጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሙያቸውን ፈልገው ነበር። "ለሌላ ሰው በክፍያ የሚጽፍ" የሚል ትርጉም ካለው ቃል አጠገብ ስክሪቨነር የሚል አገኙና በፎርሙ ላይ እሱን ጻፉ። ጠያቂዋ ቃሉን አይታው አታውቅም። "ይህ ሥራ አውስትራሊያ ውስጥ የለም" አለቻቸው። ጋሼ ተስፋሚካኤልም በአስተርጓሚ "እንግዲያው የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ" አሉ።

የመጀመሪያው አልሆኑም። በምዕራብ ሜልበርን ከሚገኙ ቄራዎች በአንዱ ተቀጠሩ። ከሌሊቱ ሺፍት ጀምረው ወደ ቀን ሺፍት ተዛወሩ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በግ ሲያርዱና ሲበልቱ ቆዩ። ቢላዋውን በግራ ይይዛሉ፣ በማይታጠፉት ጣቶቻቸው ሥጋውን ይደግፋሉ። ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተቆርጠዋል። የሥራ ጓደኞቻቸው "ፕሮፌሰር" ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም "ፕሮፌሰር ቢላዋ አይስልም፤ አምጡ፣ እኔ ልሳልላችሁ" ይሉ ነበር። በከተማዋ ዳር ትሩጋኒና ቤት ገዝተው ከካርልተን የወጡት በዚህ ሥራ ነው።

ብዕሩን ግን አልተዉም። ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ አልቅሶ ሳይጨርስ፣ ለጋሼ ተስፋሚካኤል ይደወላል። እዚህ ከተማ በቀብር ላይ ከሰማናቸው የሕይወት ታሪኮች ብዙዎቹ የእሳቸው ናቸው። ዛሬ ይህን የምታዳምጡ አንዳንዶቻችሁ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ታሪክ እሳቸው ጽፈውላችኋል። የማይቀይሩት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከደሴ ያመጡት ነው። የጻፉትን ለባለጉዳዩ መልሰው ያነቡለታል፤ "ይኸው ነው ወይ?" ይሉታል፤ "ነው" ሳይል ወረቀቱ ከእጃቸው አይወጣም።

አንድ ጊዜ ይህን አላደረጉም። ቤተሰባችን ይህ እዚህ እንዲነበብ ተከራክሮ ተስማምቷል፤ ስለዚህ እናገራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ ትሩጋኒና ውስጥ ትብለጽ የተባለች የሁለት ልጆች እናት በወጥ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ባለቤቷ በቢላዋ ደጋግሞ ወግቶ ገድሏት ነው። ልጆቹ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ላይኛው ፎቅ ተኝተው ነበር። እሱ ራሱ ለፖሊስ ደውሎ አምኗል፤ ዛሬም እስር ላይ ነው። የትብለጽ እናት እትዬ ለተብርሃን በጋሼ ተስፋሚካኤል ይተማመኑ ስለነበር "የልጄን ታሪክ አንተ ጻፍልኝ፤ የእኔ አማርኛ ለዚህ አይበቃም" አሏቸው። ለእርዳታ ቢሮ የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ ሲጽፉላቸው የኖሩት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ምሽት ሽማግሌዎች ወደ ጋሼ ተስፋሚካኤል ቤት መጡ። "ተስፍሽ፣ ልጆቹን አስብ" አሏቸው። "ወረቀት ነው፣ ይቀመጣል። ነገ አድገው ያነቡታል። ሁለቱም ቤተሰብ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚቆመው። አንዲት ቃል ናት፣ ምን አለበት?" ጋሼ ተስፋሚካኤል እስኪነጋ ተቀምጠው ጻፉ። የጻፉትንም ለሽማግሌዎቹ አነበቡላቸው። ለእናቲቱ አላነበቡም፤ ሐዘንተኛ ናቸው፣ አይረበሹ ተብሎ ነው።

በቀብሩ ላይ "በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም ተለየች" ተብሎ ሲነበብ እትዬ ለተብርሃን ከመቀመጫቸው ተነሡ። "አደጋ?" አሉ። "የምን መኪና ገጫት? ንገረኝ እንጂ ተስፋሚካኤል፣ የምን መኪና ገጫት?" ጫማቸውን አውልቀው፣ ሰው ደርሶ እስኪይዛቸው ድረስ፣ የጋሼ ተስፋሚካኤልን ፊት መቱ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ሸሚዛቸው በደም ራሰ። እጃቸውን አላነሡም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም የሕይወት ታሪክ አልጻፉም። እትዬ ለተብርሃን በጎረቤት ሰፈር በሆፐርስ ክሮሲንግ ገበያ ላይ ሲያዩዋቸው ጋሪያቸውን ትተው ይወጡ ነበር። ልጆቹ በአባታቸው ወንድም ቤት ያድጉ ነበር፤ እናታችሁ በአደጋ ነው የሞተችው እየተባሉ፣ ማስረጃውም ያ የታተመ ወረቀት እየሆነ። ጋሼ ተስፋሚካኤል ይህን ከሰው ሰሙ። ወይዘሮ እታገኘሁ እንደሚሉት፣ የዚያን ቀን ምሳቸውን መብላት አቅቷቸው ከጠረጴዛው ተነሡ።

እኔ በዚያ ጊዜ እንግሊዝ አገር የእንግሊዝኛ ቋንቋን ታሪክ እማር ነበር። ደውለው "እስኪ ያንን ቃሌን ፈልጊልኝ፣ ስክሪቨነርን" አሉኝ። ፈልጌ ነገርኳቸው። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ የገባ ቃል ነው፤ ሥሩ በጣም ሲጠልቅ መቁረጥ፣ መፋቅ ማለት ነው፣ ሰው በድንጋይና በእንጨት ላይ ይጽፍ ስለነበር። "እንግዲያው ቄራ ገብቼም ከሙያዬ አልወጣሁም" ብለው ሳቁ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ የራሳቸው ማኅበር እንደነበራቸው ነገርኳቸው። ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የውል ሰነድ ይጽፉ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ሥራው ለጠበቆች ሄደ፣ ቃሉም አረጀ።

"ሲያጠፉስ ምን ይሆኑ ነበር?" አሉኝ።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የወጣ ሕግ ነበር፤ ስለ ርስት ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ ሰው በአደባባይ ከእንጨት ጋር ይታሰራል፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ ይቆረጣሉ፣ አፍንጫው ተሰንጥቆ በጋለ ብረት ይተኮሳል።

ይህንኑ ነገርኳቸው። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። "አለሁ" አሉ። "ለመሬት እንዲህ ካደረጉ፣ ለሰውማ ምን ባደረጉ" አሉና ዘጉት።

ዘንድሮ የትብለጽ ሰባተኛ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ጋሼ ተስፋሚካኤል በቄሱ በኩል ወደ እትዬ ለተብርሃን ላኩ። ታሪኳን እንደገና ጽፌዋለሁ፣ ላንብበው ወይ ብለው ጠየቁ። እትዬ ለተብርሃን "ያንብብ" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መታሰቢያው ሆፐርስ ክሮሲንግ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ተመልሼ እዚያ ነበርኩ። ሰው ከበላ በኋላ ጋሼ ተስፋሚካኤል ወደ ማይክራፎኑ ሄዱ። ልደቷን አነበቡ፣ ትምህርቷን አነበቡ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ መሥራቷን አነበቡ። ቀጥለውም "ትብለጽ በባለቤቷ እጅ በቢላዋ ተወግታ ተገደለች። ከዚህ በፊት በድንገተኛ አደጋ ያልኩት ሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። የባለቤቷ ወንድም ከኋላ ተነሣ። "ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ አንተ ሽማግሌ፣ ልጆቹ ተቀምጠዋል" እያለ መጣ። የማይክራፎኑን ማቆሚያ ብረት ነጥቆ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ሲወድቁ ደገማቸው። ሦስት ሰው ነው ያስለቀቀው። ደሙ በወረቀቱም በወለሉም ላይ ፈሰሰ። ልጆቹ እውነትም እዚያ ነበሩ፤ ታላቂቱ ልጅ አጠገቧ ያለው ወንበር ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ጋሼ ተስፋሚካኤል ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለውን ሳስብ ያቺ ልጅ ትመጣብኛለች፤ አልወሰንኩም።

ሆስፒታል ጭንቅላታቸውን ሰፍተው በማግስቱ ወደ ቤት ላኳቸው። ደም ግፊት ነበረባቸው፤ ራስ ምታቱ ግን አዲስ ነበር። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆዩ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል አሉ። ሳይነቁ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። የመታቸው ሰው በሕግ ተይዟል። ምቱ ነው የገደላቸው ወይስ የቆየው ሕመም የሚለው በባለሙያዎች እጅ ነው፤ እኔ አልጽፈውም። የተመቱ መሆኑን ግን ከመቶ በላይ ሰው አይቷል፤ እሱን እጽፋለሁ።

ይህንንም ለባለጉዳዩ አንብቤያለሁ። ወይዘሮ እታገኘሁ መጀመሪያ አልወደዱትም። "ታሞ ሞተ በይና ይብቃ" አሉኝ። "ልጄ እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው። ነገ ያን ቤተሰብ የት ሄዶ ይሸሸዋል?"

ዳኒ "ማሚ፣ ሁሉም ሰው አይቷል፤ ቪዲዮው በየስልኩ አለ" አላቸው።

"እኔ ስለ ቪዲዮ አላወራሁም" አሉ። "እኔ የማወራው በአባትህ ሬሳ ፊት ስለሚነበበው ነው።" ከዚያ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና "እንደገና አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። የጋሼ ተስፋሚካኤል አባት የሞቱበት ላይ አስቆሙኝ። "ከኩታበር ጀምሮ እዚህ የተጻፈው ሁሉ በጥይት፣ በሰደፍ፣ በቢላዋ። የእሱ ሞት ብቻ በሕመም ይሁን ማለቴ ነበር" አሉ። ቆይተውም "ይሁን፤ ነው። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ" አሉ።

ጋሼ ተስፋሚካኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ እታገኘሁን፣ ልጃቸውን ዳንኤልን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ዙሃራን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተው ሄደዋል። ቂም እንዳይወርሱ፣ የሁለቱም ቤት ልጆች በሰላም እንዲያድጉ ጸልዩልን። ለጋሼ ተስፋሚካኤልም እግዚአብሔር ያን የተሰበረ እጃቸውን ይዞ ወደ ዕረፍቱ ያስገባቸው።

ከመውደቃቸው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደታሰረ፣ ስልኬን ተቀብለው ለእትዬ ለተብርሃን የድምፅ መልእክት ላኩ። "እትዬ ለተብርሃን፣ እንደምን ሰነበቱ፤ ተስፋሚካኤል ነኝ። ያን ጊዜ ለቅሶ ሳልደርስዎት ቀረሁ፤ በምን ፊቴ ልምጣ። አሁን ቢፈቅዱልኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ከእርስዎ ጋር ትንሽ ልቀመጥ። ቤት ይሆናሉ?" መልእክቱ በዚያው ምሽት ተሰምቷል፤ ስልኬ ያሳያል። መልስ አልመጣም።