ድኩላ በመቁጠሩ ስለታሰረው ወንድሜ

ለክቡር የደንና የአደን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቢሮዎ መጋረጃም እንዳማረበት የሚኖር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። መጋረጃውን የማውቀው ባለፈው ወር ከበርዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ቀን ስቀመጥ፣ በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር የማየት ዕድል ስላገኘሁ ነው። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስትነግረኝ፣ ስብሰባው እርስዎና ስልክዎ ብቻ የተገኛችሁበት መሆኑንም ተመልክቻለሁ፤ ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ ደስ ብሎኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። በጫካው ጥግ ባለው መንደር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ አዳኝ ነበር። መንደሩ ግን አዳኙ አይለውም፤ ቆጣሪው ነው የሚለው። ዛሬ ከታሰረ ዘጠኝ ሳምንት ሆነው። ጉዳዬ እሱ ነው፤ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማቀርበው ሁሉ እሱ እንዴት እዚያ እንደገባ እንዲረዱልኝ ብቻ ነው።

፩ኛ. ስለ አደን ፈቃድ ዋጋ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባታችን ፈቃድ የሚያወጣው ዶሮ ሸጦ ነበር። ጋሼ ጠመንጃውን ሲረከብ ዋጋው ፍየል ደርሶ ነበር፣ የዛሬ አምስት ዓመት ደግሞ በሬ ሆነ። ዘንድሮ መሥሪያ ቤትዎ ባወጣው ተመን በመንደራችን ያሉት በሬዎች በሙሉ ቢሸጡ ለአንድ ድኩላ ፈቃድ አይበቁም። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልበቁም። ተመኑን ሊያስረዱ የመጡት ባለሙያ የዋጋው መወደድ እንስሳቱን ለመጠበቅ መሆኑን በሰፊው ገለጹልን። መንደራችን ውስጥ ያለው ሥጋ ሻጭ፣ ነገር ማስረዘም የማይወድ ሰው ነውና፣ እጁን አውጥቶ ከማን ነው የምትጠብቋቸው ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ጥያቄው ተመዝግቧል አሉ። መልሱን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

በበኩላችን የተረዳነው ይህን ነው፦ ዘንድሮ በሦስት መኪና የመጡት የከተማ እንግዶች ከፍለው ስለገቡ ጠባቂዎች ሲሆኑ፣ እኛ ከፍለን መግባት ስላቃተን አጥፊዎች ነን። እንግዶቹ ቀንዱ ረዥም የሆነውን ወንድ ድኩላ መትተው ራሱን ይዘው ሄዱ። ሥጋው በደንቡ መሠረት ለአካባቢው ነዋሪ እንዲከፋፈል የፈቀዱልንን ክቡርነትዎን እያመሰገንን፣ የማከፋፈያው ወረቀት እስኪፈረም ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ስለቆየ የተቋደሱት አሞሮች ብቻ መሆናቸውን እናሳውቃለን። እነሱም ቢሆኑ የአካባቢው ነዋሪ ናቸው።

፪ኛ. ስለ ደብተሮቹ። ይህኛው የእኛው ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በየዓመቱ በጋው በርትቶ ጫካው ውስጥ አንድ ኩሬ ብቻ ሲቀር፣ የመንደሩ አዳኞች ያለ ጠመንጃ ሦስት ማለዳ ኩሬው ዳር ተደብቀው ይቀመጣሉ። ወንዱን፣ ሴቱን፣ ግልገሉን ለይተው ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ካምናው ከበለጠ ጥቂት ያረጁ ወንዶች ይታደናሉ፤ ካነሰ ጠመንጃው በዚያ ዓመት ከግድግዳ አይወርድም። አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥይት ሳይተኮስ አልፏል፤ ማንም ዘበኛ አልቆመብንም። ቆጠራውን ሠላሳ አንድ ዓመት በደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም የጋሼ የእጅ ጽሑፍ እሱን ራሱን እንኳ ግራ ያጋባዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ሰዎች መጥተው ደብተሮቹን ለጥናት አውሱን ሲሉን፣ የተማረ ሰው ሥራችንን አየልን ብለን እንደ ልጅ ደስ አለን። ሁሉንም አቧራቸውን ጠርጌ ሰጠኋቸው። ጋሼማ ከዚያም አልፎ ኩሬው የት እንዳለ፣ ድኩላዎቹ በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ ትልቁ ወንድ የት እንደሚያድር በእጁ ካርታ ሣለላቸው። ጥናቱ ተጠናቆ ዘንድሮ እጃችን ገባ፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ የእንግዶች ማስታወቂያ ሲሆን የጋሼ ካርታ በቀለም አምሮ መሐሉ ላይ ወጥቷል። ደብተሮቹ ግን አልተመለሱም። ሳስጠይቅ መዝገብ ቤት ናቸው ተባልኩ፤ መዝገብ ቤት ስሄድ እዚህ አልደረሱም ተባልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩትን በሁለት መስኮት መሐል ማጥፋት ትልቅ ችሎታ ስለሚጠይቅ አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም።

፫ኛ. ስለ ከርከሮዎቹ። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ የዘራችውን በቆሎ ከርከሮ በሁለት ሌሊት ጨረሰው። ከርከሮውን መንካት ስለሚያስቀጣት እንደታዘዘችው የጉዳት ማመልከቻ ልትሞላ ሄደች። ቅጹ ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ ጾታና ግምታዊ ዕድሜ ይጠይቃል። ስላልተዋወቅን አላውቅም ብላ አስሞላች፤ ማመልከቻው ያልተሟላ ተብሎ ተመለሰላት።

፬ኛ. ስለ ወንድሜ። ዘንድሮ ኩሬው ዳር መቀመጥ ያለ ፈቃድ መግባት ተብሎ ስለተከለከለ ሌሎቹ አዳኞች ቀሩ። ጋሼ ግን እምቢ አለ። ተው ብዬው ነበር፤ ሳይቆጠር የከረመ ዓመት የለም ብሎኝ ዳቦና እርሳስ ይዞ ወጣ። በሁለተኛው ማለዳ የያዘው የጥበቃ ሠራተኛ የአጎታችን ልጅ ነው። ጋሼ፣ ባላይህ ይሻለኝ ነበር፣ ግን አለቃዬ መኪናው ውስጥ አለ ብሎ እጁን እንደያዘው ነግሮኛል። ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

ክሱ ለሕገወጥ አደን መረጃ መሰብሰብ የሚል ሲሆን፣ ማስረጃው ደግሞ ግማሽ ገጽ ነው፦ ሴት ስምንት፣ ግልገል ሁለት። የወንዶቹ መሥመር ባዶ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ ተያዘ። ዳኛው የማታድን ከሆነ ለምን ትቆጥራለህ አሉት። ካልቆጠርኩ መተው እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ ጌታዬ አላቸው። ችሎቱ ውስጥ የነበርን ሰዎች መልሱ ገብቶናል። ለዳኛው እንዳልገባቸው ስድስት ወር ሲሉ ተረዳሁ።

ይሁን እንጂ ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። መሥሪያ ቤትዎ ከጫካው የጎደለ እንስሳ አለመኖሩን በአንድ መሥመር ካረጋገጠልኝ በይግባኝ ጊዜ ቅጣቱ ሊነሳለት ይችላል አሉኝ። እንግዲህ አግዳሚው ወንበርዎ ላይ ያስቀመጠኝ ይህች አንድ መሥመር ነበረች። በአራተኛው ቀን ምክትልዎ መጥተው በታላቅ ጨዋነት አስረዱኝ፦ ስንት እንስሳ እንደነበረ መረጃ ስለሌለን ስንት እንደጎደለ ማረጋገጥ አንችልም አሉኝ። መረጃው በሠላሳ አንድ ደብተር ተጽፎ እናንተው ዘንድ ነው አልኳቸው። እሱ ሕጋዊ ቆጠራ ስላልሆነ አንጠቀምበትም አሉኝ። ካርታውንስ አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ።

ክቡር ሆይ፣ ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም። የይግባኙ ቀን የፊታችን ዓርብ ያበቃል፤ ይህ ደብዳቤም እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሼ ያለበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት በሁለት ሰው ድጋፍ ነው የሚነሳው። እሑድ እሑድ ስሄድ ስለ ራሱ አይነግረኝም፤ ኩሬው ደረቀ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም መግባት ስለተከለከልኩ አላውቅም እለዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን መልስ የሌለው ጥያቄ የለም እያልኩ አስተማርኩ፤ አሁን አፍራለሁ።

ጫካው የማን ነው ብዬ አላስቸግርዎትም፤ በወረቀት የእርስዎ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ግን ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው ሊጠብቀው እንደሚችል፣ የማያውቅ ግን ሊሸጠው ብቻ እንደሚችል ነው። ይህን ስል ግን እርስዎን ለማስተማር አይደለም። ማስተማር ትቻለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ማለትም ላልሰጡኝ አራት ቀን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሹመትዎ ይደላደል፤ ማኅተምዎ ቀለም አይጉደለው፤ የሚፈርሙት እንጂ የሚቆጥሩት አይብዛብዎ።

በፍጹም አክብሮት፣ በአግዳሚው ወንበርዎ በግራ በኩል፣ እግሩ በሚነቃነቀው ጫፍ ላይ ስትጠብቅ የነበረችው፣
የቆጣሪው እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ላሽገው ስል ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከ ደብዳቤ ደረሰን። በጋሼ ስም የተጻፈ ሲሆን፣ የመጪው ዓመት የእንግዶች ፈቃድ ብዛት ሊወሰን ስለሆነ እንደ ወትሮው ያካሄደውን የዘንድሮ ቆጠራ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲልክ በትብብር መንፈስ ይጠይቃል። እሑድ ወስጄ አነበብኩለት። መልሱን እንደሚከተለው አጻፈኝ፦ ጫካ ውስጥ ያለውን አላውቅም፣ በእጃችሁ ያለው ግን አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሱንም ቶሎ ቁጠሩት፣ እየቀነሰ ነው።