ያልመጣሁት በቬንቲላተሩ አይደለም

ውድ ልጄ ሮንዳ፣

ቃሉ የኔ ነው፤ እጁ የኔዲን። ኔዲን ማለት ከመንገዱ ማዶ ያለችው፣ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረችው ጎረቤቴ ናት። ያልኩትን ሳታሳምር ልትጽፍ ተስማምተናል። በስልክ ከሆነ እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ ትዘጊያለሽ። ወረቀት ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም።

መጀመሪያ ይሄን ልበል፦ የላክሽልኝ የመኪናው ራዲያተር ማቀዝቀዣ ቬንቲላተር ደህና ዕቃ ነው። ቆሻሻ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

የፒክአፔ የድሮው ቬንቲላተር በላስቲክ ቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ነበር የሚዞረው። ሞተሩ ሲሮጥ ይሮጣል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያዘግም፣ ነፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ እሱም አብሮ ያዘግማል። ወደ አንቺ ሲመጣ ያለውን የሶልት ሪቨርን ገደል ወርዶ መውጣት በበጋ ለዚህ መኪና ምጥ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ «አባዬ፣ ና» ባልሽኝ ቁጥር «ራዲያተሩ ይፈላብኛል» እልሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ። ሰምተሽ ሰምተሽ ሲሰለችሽ በኤሌክትሪክ የሚዞረውን ገዝተሽ ላክሽ።

«በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ ሰበብ የለህም» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። «ከቀዶ ሕክምናዬ በፊት ግጠመውና ና። ስነቃ አንተን ማየት እፈልጋለሁ» አልሽኝ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቺንጊያውን አላላሁ፣ አሮጌውን ቬንቲላተር ፈታሁ፣ አዲሱን ከራዲያተሩ ኋላ በሞተሩ በኩል አሰርኩ። ውሃው ሲግል የሚያስነሳውን ማብሪያ ተከልኩ፣ ፊውዙንም አስገባሁ። ከቬንቲላተሩ ጥቁርና ሰማያዊ ሽቦ ይወጣል። በመዳብ ማዕድኑ ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ ጥቁር ሽቦ ከኔጌቲቭ ሌላ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ጥቁሩን ቦዲው ላይ አሰርኩ። ዞረ። ጎሽ አልኩ። ከካርቶኑ የወጣውን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የቀዶ ሕክምናሽ ዕለት ማልጄ ወጣሁ። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ አዘነበለ። ግማሽ ሳልደርስ ፈላ። ዳር ይዤ ቆሜ ሲበርድልኝ ውሃ ሞላሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ደወልሽ።

«የት ነበርክ?»

«የላክሽው ቬንቲላተር ቆሻሻ ነው! ገደል ውስጥ አስቀረኝ።»

«ቬንቲላተሩ?»

«አዎ! ርካሽ ዕቃ ገዝተሽ…»

«አባዬ፣ ደረቴን ተከፍቼ ነው የተኛሁት። መምጣት አልፈለግሁም በለኝ፣ እችለዋለሁ። በዕቃ አታሳብብ።»

«እኔ ሰበበኛ ነኝ?»

«ነህ።»

ዘጋሽው። አራት ወር ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ቬንቲላተሩን ነቅዬ ልጥለው ኮፈኑን ከፍቼ ስራገም ኔዲን መጣች። እጄን ልጠርግበት ያን ወረቀት ከኪሴ ሳወጣ ቀማችኝ።

«ሃርላን፣ ይሄ እኮ አገጣጠሙን የሚናገር ነው። አላነበብከውም?»

«መነጽሬ ጠፍቶብኝ።»

«መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝና ጮክ ብላ አነበበችው። ቬንቲላተሩ ከራዲያተሩ ኋላ ከሆነ ጥቁሩ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጌቲቭ ይላል።

«ተይ እንጂ! ጥቁር ፖዘቲቭ የሚሆንበት አገር የት ነው?»

«እኔን አትቆጣ ሽማግሌው፤ የጻፈውን ሰው ተቆጣ።»

አስነሣነው። ኔዲን ከራዲያተሩ ፊት ሶፍት ያዘች። ሶፍቱ ተስቦ መለጠፍ ሲገባው ወደ ፊቷ በረረ። ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው፣ ልጄ። ነፋሱን በመሳብ ፈንታ ወደ ውጭ እየተፋ፣ ከፊት ከሚመጣው አየር ጋር ሲታገል ነው የከረመው። ሽቦዎቹን አቀያየርኩ። ሶፍቱ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ።

«ፊደል ጭራሽ አትለይም?» አለችኝ ኔዲን።

«ጭራሽ። ስሜን መሳል እችላለሁ።»

«ሚስትህ አርዲዝ ታውቅ ነበር?»

«ዓይኔ እሷ ነበረች።»

ይኸው ነው። አባትሽ ማንበብ አይችልም፤ ችሎም አያውቅም። በልጅነቴ አንድ ትምህርት ቤት ገባሁ ስል ቤተሰቤ የሚለቅመው ጥጥ ያልቃል፣ ወደ ሌላ እርሻ እንሄዳለን። መንገድ በወጣን ቁጥር እናትሽ «ግራ ያዝ»፣ «ቀጥል»፣ «ይሄኛው ነው» ትለኝ ነበር። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ጨቅጫቃ እያልሽ ትስቂባት ነበር። ጨቅጫቃ አልነበረችም። ታነብልኝ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ መንገዱን ፈራሁት፤ ፈራሁ ከምል ራዲያተሩ ፈላ ብል ቀለለኝ።

ሐሙስ ዕለት በቀትር ሙቀት ብቻዬን ገደሉን ወጣሁ። መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ጫፉ ላይ ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ። ቬንቲላተሩ ለብቻው ጥቂት ዞረና ዝም አለ። «አየሽ?» ልላት ወደ እናትሽ ቦታ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ጃኬቴ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ቀጠልኩ። ያለሽበት ከተማ ሾ ሎው ገባሁ። ከተማውን አውቀዋለሁ፤ አዲሱን ሰፈርሽን ግን አላውቀውም። ቤቱ ሁሉ አንድ ቀለም፣ መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው፣ በየጥጉ የማላነበው ሰሌዳ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አንድ ውሻ የያዘ ሰውዬ «ጠፋብህ እንዴ አባት?» አለኝ። «ማን? እኔ?» ብዬው ነዳሁ። የገዛ ልጄን ቤት ከመንገደኛ ልጠይቅ? ምናልባት በደጅሽ አልፌያለሁ። ምናልባት ውስጥ ነበርሽ። ተመልሼ መጣሁ።

በየገናው የላክሽልኝ ካርዶች መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ሥዕላቸውን አይቻለሁ። ኔዲን ላንብብልህ ብትለኝ አይሆንም አልኳት። ክፉም ይሁን ደግ የጻፍሽልኝን ከአንቺው አፍ ነው መስማት የምፈልገው።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሾ ሎው መግቢያ ካለው ቤንዚን ማደያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ልትቆጪ ከሆነ እዚያው ተቆጪ፤ አፌን ዘግቼ እሰማለሁ። እስከ ቀትር ካልመጣሽም ገባኝ ማለት ነው፤ አልቀየምሽም። ከመጣሽ ግን በግራ በቀኝ እያልሽ መንገድ አትንገሪኝ። ከፊቴ ንጂ፣ እከተልሻለሁ።

ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ልጄ። እንዳላጣሽ።

ስሙን በገዛ እጁ የሳለው አባትሽ፣
ሃርላን