አራተኛው ዘፈን ላይ ያለው ዝምታ

ጥቅምት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ኮት ማጥበብ። እንደ ወትሮው።

ከጃናሞራ ደብዳቤ ደረሰኝ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ በጥር ትዳራለች። አባቴ «አንተ ሳትቆም ሠርጉ ሠርግ አይሆንም» ብሎ አጽፏል። ምን ብዬ ልመልስ? ታምሜያለሁ? ሥራ በዝቶብኛል?

የታላቋ እህቴ የሐረገወይን ሠርግ... አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከፊቴ ቆመ። የሙሽራዋ ወንድም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሊሰጠው፣ እርሱም ተቀብሎ ሊያዜመው ነው ወጉ። ከንፈሬ ደረቀ። ዳስ ሙሉ ሰው ጠበቀ። አዝማሪው ሲታክተው ከራሱ አወጣ፦

ወንድም አላት ብለው ከሩቁ ጠርተውኝ፣
ከምሰሶው በቀር ወንድም አላሳዩኝ።

ሳቁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሦስት ዓመት ሆነው። አገሬን አላየሁም።

ጥቅምት 5

በላቸው ዛሬ ከአዲስ አበባ ገባ። ሾፌር ነው፤ ለእትዬ ስንዱ ሻይ ቤት ስኳርና የዘፈን ሸክላ ያመጣል፤ ደንበኛ ያልወደደውን ሸክላ በሚቀጥለው ጉዞው ይመልሳል። የስፌት ማኪናዬን የዘረጋሁት በእትዬ ስንዱ በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ቤቱ የሚሰማውን ሁሉ ወደድሁም ጠላሁም እሰማለሁ።

አንድ ትልቅ ሸክላ አምጥቷል። ክራር ብቻ። አያ ነጋ፣ ጡረታ የወጡት ወታደር፣ «ይህ ደግሞ የለቅሶ ነው የሠርግ?» አሉ።

እኔ ማኪናዬን አቁሜ ሰማሁ።

ጥቅምት 8

ሰብለ ወንጌል ትባላለች። ከሽፋኑ ጀርባ «ግጥም፣ ዜማ፣ ክራርና ድምፅ ሰብለ ወንጌል። አሳታሚም ራሷ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የፖስታ ሣጥን ቁጥር። ቲያትር ቤት አልተቀጠረችም፤ ባንድ የላትም። ሙዚቃ ቤቶች እምቢ ቢሏት በራሷ አሳተመችው፤ በላቸው የነገረኝ ይህን ነው። ስምንት ዘፈን፣ አራት በፊት፣ አራት በጀርባ።

ድምጿ ደረቅ ነው፤ አታስጌጠውም። ቃሉን ከመጀመሯ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። ሁለተኛው ስለ ልብስ አጣቢዎች ነው፤ ክራሩን የምትመታው እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ እንደሚመታ አድርጋ ነው። በስድስተኛው ውስጥ ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል። አላስወጣችውም። ደግ አደረገች። ሰባተኛው አልጣመኝም፤ ለመሐረብ የሚበቃ ሐሳብ ቀሚስ ሆኖ ተሰፍቷል።

አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን የተወ ልብስ ሰፊ ስለ ዘፈን ሊፈርድ ማን ነው? ይሁን። ስፌት ግን አውቃለሁ። ይህች ሴት የሰፋችው አይተረተርም።

አራተኛውን ዛሬ አምስት ጊዜ ሰማሁት፦

ጨው ልግዛ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት፣
ሰባት ዓመት ሞላኝ መንገዱን ያጣሁት።

ከዚህ በኋላ ድምጿ ይጠፋል። ክራሩ ብቻውን ይሄዳል... ይሄዳል... ከዚያ ትመለሳለች። ምነው ዝም አለች?

ጥቅምት 10

አፈርሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም... አይ፣ አንድ ጊዜ አውቃለሁ።

ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። አራተኛው ዘፈን ላይ ድምጿ ጠፋ፤ ክራሩ ቀጠለ። እኔም አንገቴን ሥራ ላይ ደፍቼ፣ ማን እንደ ገፋኝ እንጃ፣ «ተቀበይ!» ብዬ ጮኽሁ። ጮኽሁ! ዘፋኟ እዚያው በርጩማ ላይ የተቀመጠች ይመስል። ቤቱ ሁሉ ዞረ። ግጥም አልነበረኝም። ቢኖረኝስ ማን ይቀበለኛል? ሸክላው ዝም ብሎ ዞረ።

«ሸክላ ትቀበላለች እንዴ?» አሉ አያ ነጋ፣ ሻዩ በአፍንጫቸው እስኪወጣ እየሳቁ። «አንቺ ስንዱ፣ ለሸክላይቱም ሻይ ቅጅላት እንጂ!»

ከድንጋጤዬ የእርሳቸውኑ ሱሪ አንዱን እግር ጫፉን ሰፍቼ ዘጋሁት።

ጥቅምት 11

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሜ «ተቀበይ» ሆኖ ዋለ። ቁልፍ ተከልሁ። ቀና አላልሁም።

ጥቅምት 15

እትዬ ስንዱ ቆርጠዋል። «የተበላሸ ነው፤ መሐሉ ላይ ሴትዮዋ ትጠፋለች። ቅዳሜ በላቸው ይውሰደው» አሉ። ልቤ ደነገጠ። ለአንድ ሸክላ?

እውን ተበላሽቷል? ለካሁት። በስፌት ማኪናዬ ፔዳል ለካሁት። ሁለቱን ስንኝ ስታዜም እግሬ አሥራ ስድስት ጊዜ ረገጠ። ዝምታውም... አሥራ ስድስት። ደግሜ ለካሁ። አሥራ ስድስት! ታስቦ ያልተሠራ ቀዳዳ እንዲህ ልክ አይመጣም። ባዶው የሁለት ስንኝ ቦታ ነው። የሰሚው ቦታ። እርሷ አዲስ አበባ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስትዘፍን «ተቀበይ» የሚላት ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ ስለዚህ ቦታውን ትታለት ሄደች። አፌ ከእኔ ቀድሞ አውቆት ኖሯል።

ይህን ለእትዬ ስንዱ ማስረዳት አለብኝ። በሰው ፊት። እኔ?

ጥቅምት 19

እጽፈዋለሁ፤ እንደ ሆነው።

በላቸው ሸክላውን ከነሽፋኑ በብብቱ ይዞ ሊወጣ ነው። ተነሣሁ።

«እትዬ ስንዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያጫውቱልኝ። አራተኛውን።»

«ደግሞ ልትጮህ ነው?»

«አዎን።»

አያ ነጋ ወንበራቸውን አዞሩ። «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ! ምስክር ልሁን። በዚያውም በተሰፋው ሱሪዬ በየት በኩል እንደምገባ ይነግረኛል።»

መርፌው ወረደ። ጨው ልግዛ... መንገዱን ያጣሁት... ከዚያ ክራሩ ብቻውን። ከንፈሬ ደረቀ። ያው ድርቀት ነው፤ አወቅሁት። ክራሩ ግን አይስቅም፤ ከፊቴ ቆሞ አያፈጥም፤ ይሄዳል ብቻ። እግሬ ማኪና ባይኖርም መሬቱን መርገጥ ጀመረ። አልሁ፦

መንገዱስ አልጠፋም እግሬ ነው የፈራ፣
ቆሞ ይጠብቃል ያገሬ ተራራ።

የመጨረሻው ቃል ከአፌ ሲወጣና የእርሷ ድምፅ ሲመለስ አንድ ሆነ። ተቀበለችኝ! ይህ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ከዚያ አያ ነጋ ቀስ ብለው፣ «ድገም እስቲ» አሉ። ሳይስቁ።

በላቸው በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ «እህ፣ ልውሰደው ወይስ?» አለ።

«ሂድ ወዲያ፣ ምኑን ትወስደዋለህ!» አሉ እትዬ ስንዱ። «ስኳሩን አውርድ።»

ጥቅምት 21

ለሰብለ ወንጌል ደብዳቤ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድሁት፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያሳፍራል። በአራተኛው ላክሁት። ስለ ዶሮው አመሰገንኋት። ሰባተኛው እንደሚረዝም ነገርኋት (ድፍረት ነው!)። ስለ ዝምታው ጠየቅኋት፤ ሆን ብላ እንደ ተወችው እርግጠኛ መሆኔን ገልጬ፣ ስንኜንም ከሥሩ አሰፈርሁ።

ኅዳር 10

መልስ መጣ! በላቸው ነው ያመጣልኝ። እገለብጠዋለሁ፦

«ለአቶ ሰጠኝ። ሰባተኛው ይረዝማል፤ እናቴም ብትሰማው ይህንኑ ትለኝ ነበር። ስለ አራተኛው እውነቱን ልንገርዎ። ሆን ብዬ አልተውሁትም። እናቴ ትዝ አለችኝና ቃሉ ጠፋብኝ። እንደገና ለመቅዳት የቀረኝ ሰዓት አልነበረም። ጣቶቼ ብቻ አላቆሙም። እስካሁን የማፍርበት ቦታ ነው። የእርስዎን ስንኝ ካነበብሁ ወዲህ ግን ሸክላውን ስሰማ እዚያ ቦታ ላይ ሰው አለ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ተሳስቼ ኖሯል። እንግዲያው እርሷም ቃል ጠፍቶባት ነበር... በስምንት ዘፈኖች መካከል፣ በሰው ሁሉ ጆሮ ፊት። ሸክላውም ወጣ። እርሷም ልቀቁት አለች።

ልደብቀው? አሰብሁበት። ከዚያ ለሻይ ቤቱ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

«አላልሁህም! ብልሽት ነው አላልሁህም!» እትዬ ስንዱ በደስታ ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው አራተኛውን አስጀመሩ። ዝምታው ሲደርስ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፦

ጨው ፍለጋ ብለሽ ከመንገድ ስትወጪ፣
ስኳር አለኝ እኔ ነይና ሻይ ጠጪ።

አያ ነጋ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። እኔም ሳቅሁ፤ እስካለቅስ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ሳይቀር ለዚያች ቦታ ስንኝ ይዞ ይመጣል።

ማታ ለአባቴ ጻፍሁ። አንድ መስመር ብቻ። እመጣለሁ።

ጥር 13፣ ደባርቅ

በላቸው በማኪናው እስከዚህ አደረሰኝ። ከዚህ በኋላ እግር ነው። ለትርንጎ የሰፋሁት ቀሚስ በቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ከአገሬ ሰው አያ ቢያዝንን አገኘሁ፤ በቅሏቸውን ጭነው ሊነሡ ነው። ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ሰጠኝ ነህ? ሰው መስለሃል። ብቻ... አዝማሪው ያው በሐረገወይን ሠርግ የዘፈነው እንደ ሆነ ታውቃለህ? ምነው፣ ልትመለስ ነው እንዴ?»

ከንፈሬ ደረቀ። ይድረቅ።

«ሸጋ ነው» አልኋቸው። «ቀድመውኝ ከደረሱ፣ ምሰሶው እየመጣ ነው ይበሉልኝ።»