ማንም ያልተኛበት አልጋ

ለተከበሩ ሚስተር ሃርላን ዊትኮም፣
የቤይ ሪጅ ከተማ ታሪክ ሙዚየም ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ? እኔና ባለቤቴ ጆአን፣ ድመቶቻችንም ጭምር፣ ደህና ነን። ስለ ሴቶች ሶፍትቦል ቡድናችን ያሠሩትን ዘጋቢ ፊልም ቅዳሜ ዕለት ለእኛ ለቀድሞ ተጫዋቾች አስቀድመው ስላሳዩን እጅ እነሳለሁ። በሳቅ ብዛት ፈንዲሻዬን ምንጣፍዎ ላይ ደፍቻለሁና ይቅርታ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. ተራኪዎ አሰልጣኛችን ቬርና ቱኦሚና ኳስ ወርዋሪያችን ኢዲት ፔልኪ «ያላገቡ የልብ ባልንጀሮች» እንደነበሩ በዚያ በሚያምር ድምፁ ስላበሠረን እናመሰግናለን። አርባ ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር! ኢዲት ታማ እስክትሞት ቬርና ሁለት ዓመት ያጠበቻትና ያጎረሰቻትም ለባልንጀርነት ነዋ።

፪. «የየራሳቸው መኝታ ክፍል ነበራቸው» ሲባል ካሜራው ያቺን ሰማያዊ ልብስ የለበሰች አልጋ አትኩሮ አሳየን። ክቡርነትዎ፣ በዚያ ዘመን ከእኛ ከሌዝቢያኖቹ መካከል እንዲህ ያለ የይምሰል አልጋ ያልነበራት ማን ነበረች? የሚነጠፈው ለእናት፣ ለቄስና ለአከራይ ነበር። ኢዲት እንዲያውም እናቷ በመጣች ቁጥር ሰው የተኛበት እንዲመስል ትራሱን በቡጢ ትደልቀው ነበር። ባለሙያዎችዎ ልብሱን ገለጥ ቢያደርጉ ፍራሹ ከመደብር የመጣበት ፕላስቲክ ዛሬም እንዳልተቀደደ ባዩ! እናት ለማታለል የተነጠፈ አልጋ ሙዚየም ሙሉ ምሁር ማታለሉ ግን ያኮራናል።

፫. ቬርና ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ለካሜራው ሁለት ሰዓት ስለ ኢዲት አውርታ፣ ፊልሙ ላይ የቀረላት ስለ ኳስ መቅለቢያ ጓንቷ የተናገረችው ብቻ ነው። ከጎኔ ተቀምጣ ነበርና ዞር ብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ኢዲትን መልሶ ደበቃት እኮ! እኛስ ፈርተን ነው፤ እሱ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። እኔም ሳቄን ያቆምኩት ያኔ ነው።

ፊልሙ ሐሙስ ለከተማው ሕዝብ ይታያል። ቬርና የፊት ወንበር ይዛለች። እስከዚያው «ባልንጀራዋ» የሚለውን «ፍቅረኛዋ» ብለው ቢያስተካክሉልን፣ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ሲነገር ትሰማዋለች።

ለዓይንዎ ብርሃን ዘወትር የምትጸልየው፣ የግራ ሜዳ ተጫዋች የነበረችው፣
ግሌንዳ ማርሾ

ማሳሰቢያ፦ ቃሉ ካልተስተካከለ ሐሙስ ጠዋት አልጋውን አምጥተን በርዎ ላይ እናቆመዋለን፤ ቬርና ለሙዚየሙ በደስታ ሰጥታዋለች። አደራዎን ፕላስቲኩን እንዳይቀዱት፤ አልጋው አርባ ሦስት ዓመት ዋሽቶላቸዋልና አሁን ደግሞ ይመስክርላቸው።