ክርስቶስ የሚያርግበትን ቀዳዳ ስለ ደፈኑልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኤግበርት ዛይትለር
የሀገረ ስብከቱ የቅርስ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ጉልበትዎም የደብራችንን መሰላል ዳግመኛ ለመውጣት የበቃ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ በሂንተርሞስባህ መንደር የቅዱስ ቪቱስ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥና ደወል ደዋይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ጣሪያውን የቀደደው ሰው በስሙ ይገለጽ፤ አለዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ይታሸጋል» ብለው ስለ ጻፉልን፣ መልሱን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጋዜጣ ማውጣቴን በትሕትና ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. በመጋቢት ወር በጣሪያው ሥዕል መካከል ያለውን ክብ ቀዳዳ «ከጊዜ በኋላ የደረሰ ጉዳት» ብለው በጀሶ ስላስደፈኑልን እናመሰግናለን። እኛ አላዋቂዎቹ በየዓመቱ በዕርገት ሐሙስ ከእንጨት የተቀረጸውን ክርስቶስ በገመድ ስበን የምናሳርገው በዚያ ጉዳት በኩል ነበር። ጣሪያውን በጥንት ዘመን የሳለው የባሮክ ሠዓሊም ያው እንደኛ አላዋቂ ስለ ነበረ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ስምንት መላእክት ስሎ የሁሉንም እጅ ወደ ገመዱ ዘርግቷል። እርስዎ ከደፈኑት ወዲህ መላእክቱ የጀሶ ወረፋ የያዙ ይመስሉ ነበር። ከዚህ ሥዕል ሥር ሌላ «የመጀመሪያ ሥዕል» መፈለግዎም፣ ክቡር ሆይ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

፪ኛ. ክርስቶሳችንን በሙዚየም የመስታወት ሣጥን ሊያኖሩልን ስላሰቡም እናመሰግናለን። የእግሩን ጣቶች ነቀዝ እንደ በላቸው በዘገባዎ ጽፈዋል። ነቀዝ አይደለም፤ ከማረጉ በፊት ሁላችንም እግሩን ስለምንስም ነው። እናቴ በሞተችበት ዓመት ተደግፋ መጥታ ስማዋለች። ይህን ነቀዝ ሲሉት አንጀቴ አርሯል።

፫ኛ. በዕርገት ሐሙስ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ገመዱ ግን መውጫ አጥቶ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ሳለ፣ የዘጠና ዓመቷ ኖትቡርጋ ከፊት ወንበር ሆነው «ታዲያ ጌታችን በየት ይውጣ? በጭስ ማውጫ?» አሉ። ቄሳችን አባ ፓንክራስ በሐፍረት «እማማ፣ ምን ላድርግ፣ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አለ» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው ደብዳቤውን አሳርጉት!» ብለው መለሱላቸው። ያን ጊዜ የባሌን መጋዝ ይዤ ወደ ጣሪያው ወጣሁ።

ክርስቶሳችን ዐረገ። እንደ ልማዳችን በቀዳዳው ወደ ታች አበባ በተንን፤ ዘንድሮ ጀሶም ስለ ተጨመረበት አባ ፓንክራስ ዱቄት የወደቀበት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስለው ቀደሱ። ገበሬዎቻችንም አንገታቸውን አቅንተው ተመለከቱ፤ ገመዱ ሲዞር አብሮ የሚዞረው ክርስቶስ ከመሰወሩ በፊት መጨረሻ ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ የዓመቱ በረዶና ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቃለንና።

ስም ጠይቀዋል። ቀዳጇ እኔ ነኝ፤ አባ ፓንክራስን ይተዉልኝ። ክርስቶሳችንን አንሰጥም፣ ቀዳዳውንም አናስደፍንም። ሊያሽጉ ሲመጡ ቁልፉ በወገቤ ላይ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ የሚያገኙት እኔን ነው።

ለጀሶዎና ለማኅተምዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት፣ መጋዝ ባሻከረው እጄ ፈርሜ የማቀርብ፣

ዋልፑርጋ ኤደር

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ክርስቶሳችን ዘንድሮ ሲሰወር መጨረሻ የተመለከተው በቀጥታ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ነበር። ስለዚህ ድርቆሻችንን ከወዲሁ አስገብተናል።