ስክሪን የማይፈልገው ሥራ

ውድ ሙዘሚል፣

ስልክህ ይህን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ሲያነብልህ እንዳትስቅ፤ ቁም ነገር ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ቡልቡላ መጥቼ ስትሸኘኝ፣ በሩን እየዳሰስክ፣ «አንቺ ልጅ፣ ተይኝ በቃ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ ምን ይሠራል?» አልከኝ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። አለቃችን አቶ ላጲሶ በቦታህ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ ሊያወጡ መሆናቸውን ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገርህ?

ትናንት እዚህ ለሚ፣ ፋብሪካችን አዲስ ሰርቨር አስገባ። ባዶውን ነው የመጣው፤ ጽሑፍ ከመቀበልና ከመመለስ በቀር ሌላ አያውቅም። ፋይል የምንጽፍበትን ፕሮግራም ልጭንበት ስል በልማዴ ትልቁን መረጥኩ። ማሽኑም መስኮቱን፣ ሥዕሉን፣ ጓዙን ሁሉ ጠቅልዬ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ ትጮህብኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ «ሞኒተር ለሌለው ማሽን መስኮት ምን ያደርግለታል? ትንሹን ጫኚ!» ያለ ግራፊክስ የሚሠራውን ትንሹን ጫንኩ። ወዲያው አለቀ።

ከዚያ እጄ ቆመ። እዚህ ማሽን ላይ ከፊደል በቀር የሚታይ ነገር የለም። ፊደል ደግሞ በድምፅ ይነበባል፤ ስልክህ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል?

ላፕቶፔን ከሰርቨሩ ጋር አገናኝቼ፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ከፍቼ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ሰርቨሩ ላይ በጆሮዬ መሥራት ጀመርኩ። ሙዚ፣ ፍዳዬን አየሁ! አንዲት መስመር ለማረም ላብ አጠመቀኝ። አንተ ግን ድሮም ቁልፎቹን ሳታይ፣ ከእኔ ጋር እያወራህ ነበር የምትጽፈው።

አቶ ላጲሶ ሲገቡ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጬ ስጽፍ አዩኝ።

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። ሙዘሚል እንዴት መሥራት እንደሚችል እየሞከርኩ ነው።»

ማዳመጫውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። አዳምጠው ሲያወልቁት፣ «እሱ ይህን ይችላል?» አሉኝ።

«ከእኔ ይበልጣል።»

«እንግዲያው ማስታወቂያው ይቆይ። ሰኞ ይምጣና ራሱ ያሳየኝ።»

ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። ሥዕል የሚበዛበት ሥራ አለ፤ እሱን እኔ እይዘዋለሁ። ሰርቨሮቹ ግን ያንተ ናቸው። ደግሞ ናፍቀኸኛል። ቢሮው ጭር ብሏል፤ የሚያሾፍብኝ ሰው እንኳ የለም።

ሰኞ ጠዋት ቤትህ መጥቼ እወስድሃለሁ። ኩርፊያህን ለሌላ ቀን አቆየው።

ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት ስክሪኔን አጥፍቼ ነው። ስህተት ካለበት ሰኞ ታርምልኛለህ።

ዲና