ለሞተርህ የመረጥኩት ሣጥን

ታዴ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ተቀይሜም ነበር። በአንተ ሳይሆን በቆርቆሮ ሠሪው በኦቦ ነገራ። ዛሬ ልቤ ስለተመለሰ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ገብታለች። እንደ አንተ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው፤ አስተማሪዋ ሊያስተዋት ታግሎ ታግሎ ተዋት። ሞተርህን መሥሪያ ቤትህ ወስዶ ለአዲሱ የእንስሳት ጤና ረዳት ሰጥቶታል። ጧት ጧት በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን አውቀዋለሁ። ልጁ ማርሽ ሲቀይር ያስጮኸዋል እንጂ አንተ እንዲያ አታደርገውም ነበር። ሞተሩን ሲወስዱ የኋላውን ሣጥን ፈትቼ አስቀረሁት።

የምን ሣጥን ትለኝ ይሆናል። አንተ አላየኸውም።

ለሆድህ ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ልትሄድ ሰሞን፣ ከወንጪ ስትመለስ ገመዱ ተበጥሶ የመድኃኒቱ ካርቶን ከሞተሩ ወደቀ። ሣጥን አሠራበት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜህ ነበር! አንተ ግን ገመዴን አትንኩብኝ አልክ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያን ቀን ግን የተሰባበረውን የክትባት ጠርሙስ ከካርቶኑ ስትለቅም አንጀቴን በላኸው።

ወንድምህ ይዞህ ሄደ፤ እኔ ከልጃችን ጋር ቀረሁ። ረቡዕ ዕለት ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ብሎ ሲልክብኝ፣ ሳትመጣ ሣጥኑን አሠርቼ ልጠብቅህ ብዬ ዓርብ ጧት ወጣሁ። የአናጢው የጣውላ ሣጥን ያምራል፤ ግን ባዶውን እንኳ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ የወንጪም መንገድ ምስማሩን ወር አያቆየውም። ፈረስ ላይ እንደሚጫነው ያለ የቆዳ ኮሮጆም አየሁ። ቀላል ነው፤ ግን የሐምሌ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ አንዱም ጎን የጭስ ማውጫውን ይነካል። በመጨረሻ ኦቦ ነገራ ዘንድ ደረስኩ።

የበርሜል ቆርቆሮ መረጥኩ። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ ይልበስ፣ በአራት ብሎን ይታሰር አልኩ። ወርዱን ከቤት በክር ለክቼ ነበር የሄድኩት፤ ከኋላህ የምቀመጥባትን ቦታዬን እንዳይወስድብኝ። “ኦቦ ነገራ፣ አደራ ከዚህ ክር እንዳያልፍ፤ ካለፈ በእግሬ መሄዴ ነው!” ብዬ ሣቅኩ። ክሩን ተቀብለው በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። ከዚያ “ቶሌ፣ እሺ ልጄ፣ እንዳልሽው ይሆናል” አሉኝ። በቀጠሮአቸው ሥራ አስረክበው የማያውቁት ሰውዬ፣ በዚያው ቀን ጨርሰው ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ሞተርህ ላይም አሰሩልኝ።

ለካ አንተ ሐሙስ ማታ ድንገት ብሶብህ አርፈህ ኖሯል። ዓርብ ጧት ለመሥሪያ ቤትህ በስልክ ተነግሮ፣ የእድራችን ሰዎች መርዶው እናቴ ከጊንጪ ስትደርስ ቅዳሜ ንጋት ላይ ይነገራት ብለው ቆርጠዋል። ኦቦ ነገራ የእድሩ ሰው ናቸው። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ ከሞተ ሰው ኋላ የምቀመጥበትን ቦታ በክር እለካ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አላልኳቸውም። በመንገድ ሲመጡ ተሻግሬ አልፋለሁ። ባሌ ሞቶ እየሣቅኩ ስዞር አይተው ዝም ማለታቸውን መሸከም አቃተኝ። እኔ ብሆን እናገር ነበር እያልኩ ስምል ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን ተራው ደረሰኝ። ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው የጎረቤታችን የአዴ አያንቱ ልጅ ግንባር ላይ ሞተ። እድሩ እስኪነጋ እንዳይሰሙ አንቺ አጫውቻቸው አለኝ። ስገባ አዴ አያንቱ ለልጁ ሹራብ እየሠሩ ነበር። “ውትድርና ደረቱን ሳያሰፋው አይቀርም፤ እስቲ ቁሚ በአንቺ ልገምት” አሉኝ። ቆምኩላቸው። እጅጌው ረዘመ፣ አጠረ እያሉ ሣቁ፤ እኔም አብሬ ሣቅኩ። አንዴ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን ነገ ይህ ፊት እንደማይኖር ታወቀኝ። ዛሬን እንኳ ይዋሉት ብዬ አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ከለቅሶው ወጥቼ በቀጥታ ኦቦ ነገራ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም የተቀመጡበትን ዱካ ለቀው አስቀመጡኝ፣ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

ሣጥኑን ትናንት ለአዲሱ ልጅ ሰጠሁት። ልኩ የዚያ ሞተር ነው፤ የገበሬው ከብት መድኃኒት ደግሞ በእኔ ቂም መሰባበር የለበትም።

ታዴ፣ ያን ዓርብ እንደ ውርደት ቆጥሬው ኖሬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ነፍስህ ከወጣች በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሚስትህ ሆኜ፣ መምጫህን እያሰብኩ፣ ደስ ብሎኝ ውያለሁ። ሞተህ እንኳ አንድ ቀን አስደስተኸኛል። አፈር እስክለብስ ድረስ ያን ቀን አልረሳልህም።

ያንተው አልማዝ